መዝገቡን ስጪ ተባልኩ፣ ሰጠሁ። አሁን ልጁን በምን ፊት ላናግረው?

የኳስ መጋዘን (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ረዘም ያለ ነው፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

የተመረቅኩት በሳይኮሎጂ ነው። ሦስት ዓመት አንድ የግል ትምህርት ቤት ሠርቼ ዘንድሮ መስከረም ላይ ወደ ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ይሄኛው የጦር ካምፕ አጥር ሥር ነው ያለው። ስሙንም ከተማውንም አልጽፍም። አብዛኞቹ ተማሪዎች የወታደር ልጆች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ሲቪል ነው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን መኮንን ናቸው፤ ውኃውም ሰርቪሱም ከካምፑ ነው የሚመጣው። ማን ማንን እንደሚያዝ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም።

የጋይዳንስ ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበር። ነበር ልበል እንጂ አሁንም ነው። ከወንበሬ ጀርባ በመረብ የታሰሩ ኳሶች አሉ። የከፍታ ዝላይ ብረት አለ። ሽታውን ተዉት። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ባንዲራው ነው። አንድ ልጅ እኔ ጋ ሲገባ ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ ያየዋል። የዩኒት ሊደሩ መስኮት ፊት ለፊት ነው።

ዲሲፕሊን ጠፋ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እሱማ ሞልቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ ነው። ጫማ ይታያል፣ ፀጉር ይታያል። ያረፈደ ፑሽ አፕ ሠርቶ ነው የሚገባው። አርብ አርብ አንድ መኮንን መጥተው ስለ ሥነ ምግባር ይናገራሉ። ሰዓት ስለ ማክበር፣ ታላቅ ስለ ማክበር፣ አገር ስለ መውደድ። ንግግራቸው ክፉ አይደለም። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ዕረፍት ላይ ድምፃቸውን ሲያስመስሉ ብትሰሙ በሳቅ ታልቃላችሁ።

የኔን ሥራ በተመለከተ፣ ስቀጠር "ልጆቹን ትመክሪያለሽ" ነው የተባልኩት። በተግባር ግን የአርፋጆችን ስም እመዘግባለሁ፣ የ12ኛ ክፍልን ቱቶሪያል ፕሮግራም አወጣለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ራሱን ይዞ ነው የሚዞረው። ምክር ማለት "አጥኑ" ማለት ሆኗል።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ ይተኛል። ማንቃት ያቃተው የፊዚክስ መምህር ነው ለኔ የነገረኝ። ማህደሩን ሳወጣ ከአምስት ከተማ የመጣ መሸኛ አገኘሁ። አንዱ ላይ ስሙ ተሳስቶ ተጽፏል። "ይሄ አንተ ነህ?" ስለው "አዎ፣ እዚያ ከተማ እንደዚህ ነበር የምባለው" አለኝ። ማስተካከል ደክሞት ትቶታል።

መጀመሪያ ቀን ተላላኪ ልኬ ከክፍል አስጠራሁት። ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁጭ በል ብለው እንኳ አልተቀመጠም። በሦስተኛው ቀን ተናገረ። አባቱ ከግዳጅ ከተመለሱ ወዲህ ሌሊት ይነሣሉ። ባትሪ ይዘው ግቢውን ይዞራሉ፣ በር ይፈትሻሉ፣ አልጋ ሥር ያያሉ። ልጁ እሳቸው እስኪተኙ አይተኛም። "ትንሿ እህቴ ብቻዋን ነቅታ እንዳታያቸው ብዬ ነው" አለኝ። 17 ዓመቱ ነው። የሌሊት ዘብ ነው በሉት።

እኔም መዝገብ ላይ ጻፍኩት። መዝገቡ ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ስም፣ ክፍል፣ ችግር፣ የተወሰደ እርምጃ። ወር ሲያልቅ ምክትሉ ለሪፖርት ፈለገው። ሰጠሁ። ልጁ የነገረኝን ሁሉ፣ ከነስሙ፣ በእጅ ጽሑፌ።

ሁለት ቀን አልሞላም። አባትየው የጦር ክፍላቸው ውስጥ ተጠርተው "ቤትህ ውስጥ ምን አለ?" ተባሉ። የሰማሁት ከእናትየው ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። አልጮኹም። "ልጄ አንቺን ምን ብሎ ነው የነገረሽ?" ብቻ ነው ያሉኝ።

አሁን ልጁ ሲያየኝ ሜዳውን ዞሮ ይሄዳል። ድንገት ከተገናኘን "ደህና ነኝ መምህርት" ይላል። ሳልጠይቀው።

እባካችሁ፣ አንደኛ፣ ልጁን እንዴት ልቅረበው? ሁለተኛ፣ የወሩ መጨረሻ እየመጣ ነው፣ መዝገቡን ይጠይቁኛል፤ ምን ልበል? ደግሞ ለዚህ ቢሮ ልጣላ ወይስ ልተወው? የስፖርት መምህሩ ኳሶቹን አላወጣም ብሎኛል።

---

12 ዓመት ወንበር ላይ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ተንፍሺ። ይሄን ስህተት ያልሠራ አማካሪ ካለ ገና አልጀመረም ማለት ነው። እኔ የሠራሁት ከዚህ የባሰ ነበር፣ እዚህ አልጽፈውም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ሌሊት የሚነሡት አባት ቤት ውስጥ መሣሪያ አላቸው ወይ? ልጁን አትጠይቂ፣ እናትየውን ጠይቂ። በጎን፣ እንደ ሴት ለሴት። ልጁን ራሱን የምትጠይቂው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ "መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ብለሽ፣ ቃሉን ሳትሸፋፍኚ። ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ ብለሽ አትፍሪ። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥረውም። እንዲያውም አብዛኛው ልጅ ሰው እስኪጠይቀው ነው የሚጠብቀው።

ስለ መዝገቡ። ሁለት አድርጊው። አንዱ ለአስተዳደር የሚሄድ ነው፤ ቁጥር ብቻ። በዚህ ወር ይህን ያህል ተማሪ መጣ፣ ይህን ያህሉ በትምህርት ጉዳይ፣ ይህን ያህሉ በቤተሰብ ጉዳይ፣ በቃ። ስም የለውም። ሌላው ያንቺ ማስታወሻ ነው። በመለያ ቁጥር የሚጻፍ፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ። ቁልፉ ቦርሳሽ ውስጥ ይደር። "የተወሰደ እርምጃ" የሚለውን ዓምድ ደግሞ ሰርዢው። ልጅ ተናገረ እንጂ ወንጀል አልሠራ፣ ምን እርምጃ አለው!

ከእንግዲህ እያንዳንዱ ልጅ ገና ሲቀመጥ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ድንበሩን ንገሪው። "የምትነግረኝ እኔ ጋ ይቀራል። ሦስት ነገር ሲሆን ግን ዝም አልልም። ራስህን ልትጎዳ ከሆነ፣ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ። ያኔም ቢሆን ለማን እንደምናገር ቀድሜ ላንተ ነው የምነግርህ።" ያንቺ ጥፋት እዚህ ጋ ነው። መጻፍሽ ሳይሆን አለመንገርሽ።

ያቺን ፑሽ አፕ ደግሞ በቀላሉ አትለፊያት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ከካምፕ አጥር ሥር ስለሆነ አይቀየርም። ግን ለዛሬ አይሁን። በአንድ ወር ሁለት ጦርነት አትክፈቺ።

---

እንዳለሁ አለሁ

እኔም እዚሁ ቁጭ ብዬ መልሱን እከታተላለሁ። የኛ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ቢሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኗል። ኳሱ ይሻላል።

---

የሻምበል ሚስት

የኔ እህት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ 19 ዓመት ካምፕ ለካምፕ የዞርኩ ሴት ነኝ። ሦስት ልጆች በሦስት ከተማ ነው የወለድኩት።

እነዚህ የተማሩት ሰውዬ የጻፉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አላዩም። ተላላኪ ልኬ ከክፍል አስጠራሁት ብለሻል። አድርገሽ አትድገሚው! በኛ ልጆች ዘንድ ከክፍል መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? መርዶ ማለት ነው። በ2013 እና በ2014 በጦርነቱ ጊዜ በር በተንኳኳ ቁጥር ልባችን ቀጥ ይል ነበር። ልጄ በዚያን ጊዜ 8ኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ምክትሉ ገብተው የአንዷን ልጅ ስም ጠሩ። የምሳ ዕቃ ረስታ እናቷ ልካላት ነው። ልጅቷ ግን በሩ ጋ ስትደርስ ወደቀች። ልጅሽ አመድ የመሰለው አንቺን ፈርቶ አይደለም። ከክፍሉ እስከ ቢሮሽ ድረስ አባቱን ቀብሮ ነው የመጣው።

ሌላው ገመና ነው። አንቺ "ችግር" ብለሽ የጻፍሽው እኛ ቤት ገመና ይባላል። ልጁ የነገረሽ የራሱን ገመና ቢሆን ይቅር ይልሽ ነበር። የነገረሽ የአባቱን ነው። ስለዚህ የተናደደው ባንቺ ብቻ አይመስለኝም። በራሱም ነው።

የኔም ባለቤት እንደዚያው ሆኖ ነበር የተመለሰው። ሰሃን ሲወድቅ ግድግዳ ይይዛል። አማኑኤል እንሂድ ስለው "አበደ ልታስብዪኝ ነው?" አለኝ። የጦሩም ሆስፒታል ማህደሬ ላይ ይጻፋል ብሎ እምቢ አለ። መጀመሪያ ጠበል ሄድን። ጠበሉ ረድቶታል፣ አልዋሽም። በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ተራ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ማንም በማያውቀን ቦታ ወሰድኩት። አሁንም ሌሊት ይነሣል። ግን ቀስቅሶኝ ነው የሚነሣው።

እናትየው ጋ ሂጂ። ቢሮሽ አትጥሪያቸው፣ ቤታቸው ሂጂ። ቡና ያፈላሉ። እስከ ሦስተኛው ስኒ ስለ ልጁ አታንሺ።

---

ሻምበል ባሻ ጡ.

ልጄ ሆይ፣ እኔ ከዘመናይ ምክር ጋር ብዙም አልስማማም። እኛን ማን መከረን? በዱላም በጉልበትም አድገን ሰው ሆነናል። ይሄን ልበልና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

የአባትየው አለቃ ክፉ አስቦ የጠራው አይመስለኝም። ጥሩ አለቃ የወታደሩን ቤት ይጠይቃል። ነገር ግን "ቤትህ ምን አለ?" ተብሎ የተጠራ ወታደር ጆሮው የሚሰማው ሌላ ነው። "መሣሪያህን አስረክብ" ነው የሚሰማው። ጓዶቹ ይሰማሉ፣ ከግዳጅ ይቀነሳል፣ ማዕረጉ ይዘገያል። አንድ መስመር ጽሑፍ ይሄን ሁሉ ታደርጋለች። ስለዚህ ጥፋትሽን አሳንሰሽ አትዪው።

መዝገቡን አልሰጥም ብለሽ ግን ፊት ለፊት አትላተሚ። በቃል እምቢ ያለ ሰው እኛ ዘንድ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ይልቅ በኛው ቋንቋ አናግሪያቸው። ምስጢር ማለት ለሠራዊት አዲስ ነገር አይደለም። ማኅደር ላይ "ምስጢር" ተብሎ ይጻፋል፤ ማን እንደሚያየው በስም ይዘረዘራል። ማወቅ ለሚገባው ብቻ! ይሄን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ገጽ መመሪያ አርቅቂ። ማን ያያል፣ ማን አያይም፣ የሕይወት አደጋ ሲኖር ለማን ይነገራል። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ አያነቡትም። ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙ፣ ማኅተም ይረፍበት። ከዚያ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በግልባጭ። አንዴ ማኅተም ያረፈበት ነገር ካለሽ ምክትሉ ሲጠይቁሽ "መመሪያው አይፈቅድም" ትያለሽ። አንቺ እምቢ አላልሽም፣ ወረቀቱ ነው እምቢ ያለው። ወታደር ወረቀት ያከብራል።

አርብ የሚመጡትን መኮንን ንግግር አትናቂ። እሳቸውን ራሳቸውን ለምኝና አንድ አርብ ስለ ምስጢር መጠበቅ ይናገሩልሽ። ያንቺ ሥራ መሆኑን ሳይጠቅሱ።

---

ቶሮንጃ

ሻምበል ባሻን ሰላም ብያለሁ። "እኛን ማን መከረን" ላሉት ግን እኔ መልስ አለኝ።

አባቴ በ1970 ካራማራ ላይ ቀረ። በ1971 በመንግሥት ተመርጠን ኩባ ከሄዱት ልጆች አንዱ ነኝ። የወጣቶች ደሴት ይባላል። በፊት የጥድ ደሴት ነበር ስሙ። አብዛኞቻችን በኦጋዴኑ ጦርነት አባት ያጣን ነበርን። ሰዎቹ ቸሮች ናቸው፣ ምንጊዜም አልክዳቸውም። አበሉን፣ አለበሱን፣ አስተማሩን። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን እርሻ። ቶሮንጃ እንለቅማለን፤ እንደ ብርቱካን ሆኖ ትልቅና መራራ ነው። ዛሬም ሽታው አፍንጫዬ ላይ አለ። ጠዋት ሰልፍ፣ መዝሙር፣ መፈክር። ሥነ ምግባር በሉት፣ አብዮታዊ ዲሲፕሊን በሉት፣ ሞልቶ ነበር። ካገር ቤት አብረውን የመጡ መምህራን ነበሩ። አማርኛና ታሪክ ያስተምሩናል። ደብዳቤ ካገር ቤት ወራት ይፈጅ ነበር።

ማንም ግን "አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብሎ አልጠየቀኝም። የጀግና ልጅ ነህ እባላለሁ። የጀግና ልጅ አያለቅስም። 600 ልጅ ባለበት ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ስለ አባቱ አያወራም፣ ሁላችንም በአንድ ምክንያት እዚያ ሆነን።

ያወራሁት አንዴ ብቻ ነው። ለማን መሰላችሁ? ጫማ ለሚጠግን ሽማግሌ። ኩባዊ ነው። የኔ እስፓኞል ገና ስብርባሪ ነበር። ሶሌ ተቀዶ ሄድኩ። እሱ እየሰፋ እኔ አወራሁ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሶሌ ይቀደድ ነበር። ራሴ በምላጭ እቀደው ነበር። ሰውዬው የሚያውቅ ይመስለኛል። አንድም ቀን ግን አልጠየቀኝም።

እና የኔ ልጅ፣ እነዚያን ኳሶች እንዳታስወጪ! ጸድቶ፣ "ጋይዳንስ" ተብሎ ተጽፎበት፣ ሁለት ወንበር ትይዩ የተቀመጠበት ቢሮ ውስጥ ያ ልጅ በሕይወቱ አይገባም። ኳስ ሊወስድ ግን ይገባል። ሜዳው ሁሉ ቢያየው ምን ይላል? ኳስ ሊወስድ ነው።

---

የኳስ መጋዘን (ጠያቂ)

ጋሼ ቶሮንጃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሻምበል ባሻ፣ እርስዎንም። መመሪያውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። እና የሻምበል ሚስት፣ ስለ ተላላኪው የጻፍሽው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር።

---

የኳስ መጋዘን (ጠያቂ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

የሆነውን ልንገራችሁ።

መመሪያው አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ቀን አስቀመጠው። ምክትሉ አልወደደውም፤ "እኛን አታምኚም ማለት ነው?" አለኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን አንብበው አንድ ቃል ብቻ አስተካከሉ። እኔ "መረጃው ሊሰጥ አይገባም" ብዬ ጽፌ ነበር። እሳቸው "አይሰጥም" አሉት። ማኅተም አርፎበታል። የወሩን ሪፖርት በቁጥር ብቻ ሰጠሁ። ምክትሉ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው።

እናትየው ቤት ሄድኩ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሳልደርስ እሳቸው ራሳቸው አነሡት። ስለ መሣሪያው ጠየቅኳቸው። ቤት ውስጥ የለም፣ ተመስገን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "እሺ" አላሉም፣ "እምቢ" አላሉም። ስወጣ ግን ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ከሻምበል ሚስት የሰማሁትን ሆስፒታል ነገር፣ ሌላ ከተማ የሚለውን፣ እንደ ራሴ ሐሳብ አድርጌ ነገርኳቸው። ይቅር በይኝ።

ልጁን አላስጠራሁትም። ሰኞ ከሰልፍ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ቆም ብዬ "የነገርከኝን ጽፌ ሰው እንዲያየው አድርጌያለሁ። አንተን ሳልጠይቅ ነው ያደረግኩት። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። "ደህና ነኝ መምህርት" አለኝ። ሄደ።

ከስፖርት መምህሩ ጋር ታረቅን። ኳሶቹ አልወጡም። እንዲያውም የኳስ መንፊያውም እኔ ጋ ይቀመጥ አልኩት፤ ሥራ ቀለለልኝ ብሎ ደስ አለው። አሁን በዕረፍት ሰዓት በሩ አይዘጋም። አሥር ልጅ ይገባል፣ አሥር ልጅ ይወጣል። ከአሥሩ አንዱ ዘግይቶ ይወጣል።

ትናንት ከሰዓት እሱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ኳስ በብብቱ ይዟል። "መምህርት፣ ይቺ ኳስ ጎድላለች። መንፊያውን ልጠቀም?" አለኝ።

ተቀብዬ ጫን አደረግኳት። ድንጋይ ናት። አንድ ትንፋሽ አልጎደላትም።

መንፊያውን ሰጠሁት። ተቀመጠ።